ከደመና ኋላ አራት ቀን

መኪናዬ ድሮም የተመታች ናት። በፈረንጆች ሜይ 8 ቀን 2017 ዴንቨር ላይ የወረደው በረዶ ሌክዉድ ሥራ ቦታዬ ደጃፍ ቆማ አገኛትና ኮፈኗንና ጣሪያዋን ጎድጓዳ በጎድጓዳ አድርጓት ሄደ። ለዚያ ቀን ጉዳት ኢንሹራንሶች ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍለዋል። እኔም ድርሻዬን ተቀበልኩ፣ ግን መኪናዋን ከማሠራት ይልቅ ብሩን ለሌላ ነገር አዋልኩት። ስለዚህ ጓደኛዬ "ወጀብ ልናሳድድ እንሂድ" ሲለኝ በማን መኪና የሚል ክርክር አልተነሣም። "ያንተዋ ተመትታለች፣ ከዚህ በላይ ምን ትሆናለች?" አለ። ይቺን ንግግሩን ያዙልኝ።

ጓደኛዬ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ካንሳስን እንደ ሰፈሩ ያውቃታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት በነፃ የሚሰጠውን "ስካይዋርን" የሚባል ሥልጠና ወሰደ። ሥልጠናው ተራ ሰው ወጀብ አይቶ በትክክል ሪፖርት እንዲያደርግ የሚያስተምር ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላው ሰው ስለ አርሴናል እንደሚያወራው እሱ ስለ ደመና ያወራል። የሰነበተ ምኞቱ አንድ ሱፐርሴል፣ የሚሽከረከር ብርቱ ወጀብ ማለት፣ ከእግር እስከ ራሱ እያሳየ እኔን ማስተማር ነበር።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14። ከአውሮራ ወደ ጉድላንድ

ጠዋት 2 ሰዓት እንነሣለን ተባብለን 4 ሰዓት ተነሣን። እሱ ልብሱን የጠቀለለው እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ ሊመን ከተማ ስንደርስ የስልኩን ቻርጀር ረስቶ መምጣቱ ታወቀ። ነዳጅ ማደያው ውስጥ 22 ዶላር ሸጡለት። ነዳጁ ጋሎኑ 3 ዶላር ከ9 ሳንቲም ነበር።

ሊመን ሲደርስ ሁልጊዜ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በ1990 ጁን 6 ቶርኔዶ፣ ከደመና እስከ መሬት የሚወርድ አዙሪት ነፋስ፣ የከተማዋን መሐል አፍርሶታል። እኔ በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ ሳልፍ ለሽንት ቤት ከመቆም በስተቀር ምንም አላውቅም ነበር።

ከሊመን ወዲያ ምድሩ ጠፍጣፋ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን አካባቢ ያደግኩ ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ ደመና ከተራራ ጀርባ ድንገት ብቅ ይልና "ልብስ አስገቡ!" እስኪባል ራስህ ላይ ነው። እዚህ ግን ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ይታያል። ወጀቡ 100 ኪሎ ሜትር ርቆም አናቱን ታየዋለህ።

ቀኑን የጠበቅነው የካንሳስ ድንበር ላይ፣ ከአንድ የእህል ጎተራ አጠገብ ነው። ጓደኛዬ የሚፈልገውን ነገር በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ። ከታች ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣ እርጥብ አየር፣ ከላይ ቀዝቃዛ አየር፣ ከፍ ባልክ ቁጥር አቅጣጫውንና ፍጥነቱን የሚቀይር ነፋስ፣ ከዚያ አንድ ቀስቃሽ ነገር። አራቱም አሉ። ችግሩ መሐል ላይ ክዳን አለ። ከበረሓው በኩል የሚመጣ ሞቃት አየር እርጥቡ ላይ እንደ ድስት ክዳን ይደፋበታል። ክዳኑ ልክ ከሆነ ሙቀቱን አጠራቅሞ አመሻሽ ላይ በአንዴ ይፈነዳል። ከበረታ ግን ምንም የለም።

ያን ቀን በረታ። አምስት ስድስት ጊዜ ደመናው እንደ አበባ ጎመን እየተከመረ ወጣ፣ ቀጠነ፣ አንገቱ ተቆረጠ፣ ተነነ። ቆሎ ቆርጥመን ጨረስን። ይህንን ነው እንግዲህ ስፖርት የሚሉት።

ጉድላንድ ውስጥ 80 ጫማ የሚሆን የሥዕል መስቀያ ላይ የቫን ጎህ የሱፍ አበባ በትልቁ ተስሎ ቆሟል፤ አየነው፣ ፎቶ ተነሣን። ሞቴሉ 84 ዶላር፣ ፎጣው ሳንቃ።

ማታ የገረመኝን ግን ልንገራችሁ። የአየር ትንበያ ሰዎች ሰዓት የሚቆጥሩት "ዙሉ" በሚሉት፣ በግሪንዊች ሰዓት ነው። የዴንቨር የበጋ ሰዓት ከዙሉ 6 ሰዓት ወደኋላ ነው። የኛ የሐበሻ አቆጣጠርም ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ይለያል። ስለዚህ ትንበያው "21 ዙሉ" ካለ 12 ቀንስና 9 ሰዓት ነው፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በኛ። እነሱ እየደመሩና እየቀነሱ ሲጨነቁ እኛ ዝም ብለን እናነባለን። በዚህ ግኝት በጣም ኮራሁ። ኩራቴ አንድ ቀን አልቆየም።

አርብ፣ ግንቦት 15። በኦክሊ በኩል ወደ ጋርደን ሲቲ

በዩኤስ-83 ወደ ደቡብ ወረድን። ጋርደን ሲቲ የጓደኛዬ ወዳጅ የሆኑ ሰው አሉ፣ ጋሼ እንላቸዋለን። እዚያ አካባቢ ካለ የሥጋ ፋብሪካ ይሠራሉ፣ ጓደኛዬ ጭነት ሲያነሣ ነው የተዋወቁት። "ማታ 1 ሰዓት እራት እንበላለን" ብለውናል።

ከስኮት ሲቲ ትንሽ እንደወረድን ምዕራቡ ጠቆረ። ጥቁረቱ የተለመደው ዓይነት አይደለም። ከአድማስ እስከ አድማስ የተዘረጋ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እንደተደራረበ እንጀራ ጠርዙ የሚታይ፣ ዝቅ ብሎ ወደኛ የሚመጣ ደመና ነው። ከሥሩ ሰማያዊና አረንጓዴ ነገር ይታመሳል። እኔ "ዎል ክላውድ! ግድግዳው ይኸው!" ብዬ ጮህኩ። ቶርኔዶ የሚወርደው ከዚህ ነው ብዬ እጄ እየተንቀጠቀጠ ቪዲዮ ጀመርኩ።

ጓደኛዬ መኪናውን አቁሞ "ውረድ" አለኝ። ወረድኩ። "ፊትህን ወደ ደመናው አዙር። ነፋሱ ከየት ነው የሚመጣብህ?"

ከፊት ነው። ቀዝቃዛ ነው፣ የአቧራና የዝናብ ሽታ አለው። "አየህ፣ ይሄ እየገፋህ ነው" አለ። "ግድግዳው ይስባል፣ ይሄ መደርደሪያ ነው።"

ሼልፍ ክላውድ፣ መደርደሪያው ማለት፣ ወጀቡ የተፋው ቀዝቃዛ አየር መሬት ለመሬት እየሮጠ ከፊቱ ያለውን ሞቃት አየር ሲያነሣ የሚሠራ ደመና ነው። ከዝናቡ ቀድሞ ይመጣል፣ ቁልቁለቱም ከዝናቡ የሚርቅ ነው። ዎል ክላውድ በተቃራኒው ትንሽ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ ጅራት ካለው ጅራቱ ወደ ዝናቡ ይጠቁማል፣ ሞቃቱ ነፋስ ከጀርባህ መጥቶ ወደሱ ይገባል። አስፈሪ መልክ ያለው መደርደሪያው ነው፤ ሶሻል ሚዲያ ላይ "ጉድ ፈላ" ተብሎ የሚዞረው ፎቶ አብዛኛው እሱ ነው። ጉዳት የለውም ማለት ግን አይደለም። ይህን እየነገረኝ ነፋሱ ደረሰ፤ ኮፍያዬን ወስዶ ስንዴው ውስጥ ከተተልኝ፣ ከአንድ ቤት ግቢ የቆሻሻ በርሜል አንከባሎ መንገዱን አሻገረ። ስልኮቻችን አብረው ጮኹ። "ዋች" ከሆነ ተዘጋጁ ማለት ነው፣ "ዋርኒንግ" ከሆነ መጥቷል ግቡ ማለት ነው። ይሄ ሁለተኛው ነበር፣ ለነፋሱ። ከአንድ ዝግ ጋራዥ ጀርባ ተጠግተን አሳለፍነው።

ከዚያ ዝናቡ እስኪያልፍ ጠብቀን፣ የእጅ ሰዓቴን እያየን፣ ልክ በሰዓታችን ጋሼ ደጃፍ ደረስን። ጋሼ በር ላይ ቆመዋል። "ልጆች፣ ደመናው በላቸው ብለን ነበር እኮ!" ለካ ጉድላንድ እንደ ዴንቨር ነው የሚቆጥረው፤ ከኮልቢና ኦክሊ ወዲህ ያለው አብዛኛው ካንሳስ አንድ ሰዓት ይቀድማል። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ራሱን አስተካክሏል፣ እኔ የምተማመነው የእጅ ሰዓቴን። ጥብሱ ቀዝቅዞ፣ ባለቤታቸው ሁለተኛ ሲያሞቁት አንገቴን ደፋሁ። የዙሉ ግኝቴም እዚህ በአንድ ሰዓት ይዛነፋል። ኮራ ብዬ ለጋሼ ላስረዳ ስጀምር ነው የገባኝ።

ሃምሳው ስላልወጣ አርብ ቢሆንም ሥጋው ተበላ። ጥብስ፣ ሽሮ፣ ከዚያ ቡና እስከ ሦስተኛው። ከተማዋ ውስጥ ብዙ ስደተኛ አለ፣ ሶማሌው፣ በርማው፣ ሜክሲኮው፣ ሁሉም ያው ለሥጋ ፋብሪካው የመጣ ነው። ጋሼ ከደሴ ተነሥተው፣ በስንት አገር አቋርጠው እዚህ ሲደርሱ በመጀመሪያው ወር የከተማው የማስጠንቀቂያ ሳይረን ጮኸ። ለሙከራ ነበር። "እኔ ጦርነት መስሎኝ ልጆቹን ይዤ ወደ ሜዳ ሮጥኩ" አሉ። "ጎረቤቱ በምልክት፣ ታች፣ ታች፣ ምድር ቤት ይለኛል። አገራችን ቤት ሲናወጥ ወደ ደጅ ነው፣ እዚህ ከመሬት በታች ነው።" ከዚያ እኛን ተራ በተራ አዩንና "እናንተ ደግሞ ሰው ከሚሸሸው ነገር ኋላ የምትሮጡት ምን ጎድሏችሁ ነው?" ብለው ጠየቁ። ጓደኛዬ ስለ ፎቶ አወራ። አላሳመናቸውም። ፍራሽ ምድር ቤቱ ውስጥ አነጠፉልን፣ ጠዋት ለስንቅ ጭኮ ጨመሩ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16። ጋርደን ሲቲ፣ ሊበራል፣ ፔሪተን፣ ሻምሮክ

ይህ ቀን ነው ቀኑ። ጠዋት ትንበያውን ስናይ የኦክላሆማና የቴክሳስ ሰሜናዊ ጫፍ ቢጫ ተቀብቷል። ከአምስቱ ደረጃዎች ሁለተኛው ነው። ጓደኛዬ እንዲያውም ደስ አለው። ቀዩ ቀን ላይ ወጀቡ ብዙ ሆኖ እርስ በርሱ ይደባለቃል፤ እሱ የሚፈልገው ብቻውን የቆመ ነው።

ሊበራል ምሳ በላን። እኔ "ቺክን ፍራይድ ስቴክ" የሚል አይቼ ዶሮ ነው ብዬ አዘዝኩ። የበሬ ሥጋ ነው! እንደ ዶሮ በዱቄት ተለውሶ ተጠብሶ፣ ላዩ ላይ ነጭ መረቅ ፈስሶበት። 14 ዶላር፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ። ጣዕሙ ክፉ አይደለም፣ ግን በርበሬ የሚባል ነገር ሳይሸተው ያለፈ ምግብ ነው።

ከምግብ ቤቱ ስንወጣ ደቡብ ምዕራብ ላይ ቆሟል። ነጭ ማማ፣ አናቱ ላይ ተንጣሎ የቀጥቃጭ መስፍ መስሎ። የደመናው ራስ ከዚያ በላይ መውጣት ሲያቅተው ነው እንዲህ ወደ ጎን የሚንጣለለው። ጓደኛዬ ሁለት ነገር እይ አለኝ። የመስፉ ጠርዝ እንደ ቢላ የጠራ ነው ወይስ እንደ ጥጥ የተበተነ? የጠራ ነው፣ ብርቱ ነው። ከመስፉ በላይስ ጉብ ያለ ነገር አለ? አለ። ያ ጉብታ ወደ ላይ የሚወጣው አየር ከጉልበቱ የተነሣ ጣሪያውን ጥሶ ያለፈበት ነው። ቶሎ ቢጠፋ ተራ ነው፣ ከ10 ደቂቃ በላይ ከቆየ ተነሥ። ቆየ። ተነሣን።

እየነዳን የጠየቅኩት፣ ይሄና የክረምቱ የአገራችን ነጎድጓድ ምን ለያቸው የሚል ነው። መልሱን ወደድኩት። የኛው አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ ዝናቡ እዚያው በወጣበት ላይ ይወርድና የራሱን እሳት ያጠፋል፣ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት። እዚህ ግን ነፋሱ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ስለሚበረታና ስለሚዞር ማማው ያዘነብላል፣ ይሽከረከራል። ዝናቡ በአንድ በኩል ይወርዳል፣ የሚወጣው አየር በሌላ በኩል ነው፣ አይገናኙም። ስለዚህ ለሰዓታት ይኖራል። ሱፐርሴል የሚባለው ያ የሚሽከረከረው መውጫ ያለው ነው።

ከፔሪተን በስተደቡብ ደረስን። ፔሪተን በ2023 ጁን 15 ቶርኔዶ 3 ሰው የገደለባት ከተማ ናት፤ ስናልፍ ጓደኛዬ ዝም አለ። ከዋናው መንገድ ወጥተን ነጭ ጠጠር ላይ ቆምን፣ ከወጀቡ ደቡብ ምሥራቅ። ፊታችንን ወደ ሰሜን ምዕራብ አዞርን፣ እሱም አንድ በአንድ ማሳየት ጀመረ።

በግራ ደረጃ መስሎ ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚወጣ የደመና ሰልፍ አለ፣ ዋናውን ማማ የሚመግበው። በቀኝ የዝናብና የበረዶ መጋረጃ አለ፣ ነጣ ብሎ አረንጓዴ የሚያደላ፣ በውስጡ መብረቅ የሚመላለስበት። በመሐሉ ዝናብ የሌለበት ጥቁር ጠፍጣፋ ሆድ፣ በሱና በመሬቱ መካከል ደግሞ የብርሃን ክፍተት። ማማው ጎኑ ላይ እንደ ሸክላ ሠሪ ጣት ያለፈበት መስመር መስመር አለው። ከጀርባዬ ሞቃት እርጥብ ነፋስ ሸሚዜን ወደ ደመናው ይገፋዋል። አሁን ሳልጠየቅ ገባኝ፤ እየሳበ ነው።

ከጥቁሩ ሆድ ሥር ብጥስጣሽ ደመና ተንጠልጥሏል። "ቶርኔዶ ነው?" አልኩ። "ይዞራል?" አለ። አይዞርም፣ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። ይህ ስከድ ነው፣ በየዓመቱ ስንቱን በከንቱ ለፖሊስ ያስደወለ። ግን ብጥስጣሹ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየተሳበ፣ እየተሰበሰበ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከሆዱ ዝቅ ያለ አንድ ጉልህ ብሎክ ሆነ። በቀኙ አጭር ጅራት አወጣ፣ ወደ ዝናቡ። ዎል ክላውድ! ስሙን ያወጣለት በ1957 የፋርጎን ቶርኔዶ ፎቶ በፎቶ ያጠናው ፉጂታ ነው፣ የቶርኔዶ መለኪያው የሚጠራበት ሰውዬ። ጓደኛዬ ወሬውን አቁሞ "አንድ የደመና ቁራጭ ምረጥና ዓይንህን አትንቀል" አለኝ። መረጥኩ። ከግራ መጣ፣ ከፊት አለፈ፣ ከኋላ ጠፋ፣ እንደገና ከግራ ወጣ። ይዞራል። በስመ አብ።

ከዚያ ከግድግዳው ጀርባ የብርሃን ቀዳዳ ተከፈተና ጠምዝዞ መክበብ ጀመረ፣ ግድግዳውን የፈረስ ጫማ አስመሰለው። ከኋላ የሚወርደው ደረቅ አየር ነው ደመናውን እየበላ የሚዞረው። አብዛኛው ግድግዳ ቶርኔዶ አያወርድም፣ የሚያወርድ ከሆነ ግን ይቺ ሰዓት ናት። ከጥጉ እንደ ዋንጫ ቀንድ የቀጠነ ነገር ወረደ፣ ወደ መሬት ሢሶ ያህል። እኔ ቀንዱን አያለሁ፣ ጓደኛዬ ከሥሩ ያለውን መሬት። "አቧራ አለ? አቧራ ካላየህ ቶርኔዶ አትበል።" አቧራ የለም። አራት ደቂቃ ያህል ቆየ፣ ክር መሰለ፣ ጠፋ። ለካ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቱ። መስፉ ላይ ጀንበሯ ስትዘቀዝቅ ከሥሩ ማማተስ ወጣ፣ ጡት ጡት የሚመስል ወርቃማ ደመና፣ ሰማይ ሙሉ። በራሱ አደጋ አያመጣም፣ ግን ውበቱ! እኔ "አንድ ፎቶ ብቻ" አልኩ። አላልኩም አልልም። ግን የሚሽከረከረው መውጫ ይቅረበን ብሎ ወደ ፊት ነድቶ ያቆመው እሱ ነው። ብርቱ ሱፐርሴል ወደ ቀኙ ይታጠፋል፤ ይህን ከኔ በላይ ያውቃል፣ እኛ ያለነውም በቀኙ ነው። የነፋሱ መዞር መጀመሪያ የተሰማኝ ለኔ ነው፤ ከጀርባ የነበረው ፊቴን መታኝ፣ ቀዝቃዛ። የመኪናዋ መለኪያ ከ81 ወደ 63 ፋራናይት ወረደ። "እየገፋ ነው!" አልኩት። ወደ ደቡብ የሚወስደው ጠጠር መንገድ ቀድሞ ዘንቦበት ጭቃ ሆኗል፤ ጎማው ሁለት ጊዜ ከተንሸራተተ በኋላ ወደ ዩኤስ-83 ዞርን፣ እዚያ ደግሞ እንደኛው የሚያሳድዱ መኪኖች ተሰልፈዋል። ቆመን እያለ መጣ። መጀመሪያ እንደ ሳንቲም፣ ከዚያ እንደ ጎልፍ ኳስ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በረዶ ሲወርድ የሚሰማችሁን ድምፅ በአሥር አባዙት። አንዱ የፊት መስታወቱን መሐል ለመሐል መታና የሸረሪት ድር ሠራበት።

ሻምሮክ ስንደርስ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል። ሞቴል 92 ዶላር፣ እራት የጋሼ ጭኮ። ለምን ከወጀቡ በስተሰሜን ሄደን በዝናቡ ውስጥ አቋርጠን እንደማናይ ጠየቅኩት። መልሱ ኤል ሪኖ ነበር። በ2013 ሜይ 31 ኦክላሆማ ውስጥ የወረደው ቶርኔዶ 4.2 ኪሎ ሜትር ስፋት ነበረው፣ በዝናብ የተሸፈነ ነበር፣ ድንገት አቅጣጫ ቀየረ። ቲም ሳማራስ፣ ልጁ ፖልና ባልደረባቸው ካርል ያንግ ሞቱ። ቶርኔዶን ሲያጠና የኖረ፣ ጥንቁቅ የሚባል ሰው። ጓደኛዬ ይህን ብሎ መብራቱን አጠፋ።

እሑድ፣ ግንቦት 17። በአማሪሎ ወደ ቤት

ቅዳሴ አለፈን። በአይ-40 ወደ ምዕራብ፤ አማሪሎ አጠገብ በ1974 በአፍንጫቸው መሬት ውስጥ የተተከሉ 10 ካዲላኮች አሉ፣ ሰው ሁሉ ቀለም ይረጭባቸዋል። ጓደኛዬ ስሙን በአማርኛ ጻፈ። እኛ ስንሄድ አንዲት ልጅ በሮዝ ቀለም ልትደርብበት ቆማ ነበር።

ከዚያ ዩኤስ-287 ወደ ሰሜን፣ ዱማስ፣ ቦይዝ ሲቲ፣ ካምፖ። ከመስታወቱ ስንጥቅ ጀርባ ስለነበርኩ መንገዱን ሁለት ሁለት ነው ያየሁት። ላማር ላይ ቡሪቶ፣ 9 ዶላር፣ በሚጥሚጣ የሚወዳደር ቃሪያ ስለነበረው ከጉዞው ሁሉ የበላሁት ምርጥ ነው።

ሊመን ስንቃረብ ሰሜኑ ላይ ጥቁር የተንጠለጠለ ነገር አየን፣ ጓደኛዬ እግሩን ከነዳጅ ላይ አነሣ። መስኮቱን አወረድኩ፣ እጄን አወጣሁ፣ ትንሽ አየሁት። "ስከድ ነው፣ ንዳ" አልኩት። ነዳ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 2,100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ነዳጅ 145 ዶላር፣ ሁለት ሌሊት ሞቴል 176፣ ምግብ ለሁለታችን 110 አካባቢ፣ ኮፍያ አንድ። ግማሽ ግማሽ አድርገን ተከፋፈልን። የመስታወቱ 380 ዶላር ግን ቀርቷል። እሱ "አንድ ፎቶ ብቻ ያልከው አንተ ነህ" ይላል። እኔ "እዚያ ያቆምከው አንተ ነህ፣ ደግሞም ከዚህ በላይ ምን ትሆናለች ያልከው ማነው?" እላለሁ። እስካሁን አልተስማማንም።